ሥር የሰደደ የብልት ሕመምና የክሊኒክ ጥናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብልታቸው አካባቢ የሚያቃጥል፣ የሚለበልብ ወይም እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ይዟቸው ከሐኪም ሐኪም የሚንከራተቱ ሴቶች ብዙ ናቸው። ምርመራ ያደርጋሉ፤ መልሱ "ምንም የለብሽም" ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን "ለዚህ ሕመም ጥናት እየተካሄደ ነው፣ ተሳታፊዎች እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ ያያሉ። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ከታች ያሉት ጥያቄዎች እዚህ ላይ ሆነው የሚያመነቱ ሴቶች የሚጠይቋቸው ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ጥናቶች የሚፈልጉት ምን ዓይነት ሕመም ያለባትን ሴት ነው?

አብዛኞቹ የሚያተኩሩት ቩልቮዲንያ በሚባለው ሕመም ላይ ነው። በ2015 የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበራት በተስማሙበት መሠረት፣ ቩልቮዲንያ ቢያንስ 3 ወር የቆየና ግልጽ መንስኤ ያልተገኘለት የብልት ውጫዊ ክፍል ሕመም ነው። ኢንፌክሽን፣ የቆዳ በሽታ፣ ዕጢ፣ የነርቭ ጉዳት፣ የሆርሞን ማነስ ሁሉም ተፈልገው ሲታጡ የሚሰጥ ስም ነው። ብርቅ ሕመም አይደለም። በአሜሪካ በሕዝብ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከ100 ሴቶች 8 ገደማ የሚሆኑት ምልክቶቹ ተገኝተውባቸዋል።

ሕመሙ ግን መልኩ ብዙ ነው። አንዷን ሲነካ ብቻ ያማታል፦ በግንኙነት ጊዜ፣ ታምፖን (ለወር አበባ ብልት ውስጥ የሚገባ ጥጥ) ስታስገባ፣ ጠባብ ሱሪ ስትለብስ፣ ብስክሌት ላይ ስትቀመጥ። ሌላዋን ማንም ሳይነካት ቀኑን ሙሉ ያቃጥላታል። ሁለቱም ያለባት አለች። አንዳንዷ ሕመሙ የብልቷ መግቢያ ላይ ብቻ ነው፤ አንዳንዷ ሁሉም ቦታ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረባት አለች፤ ለዓመታት ደህና ሆና ቆይታ ድንገት የጀመራትም አለች።

ይህ ዝርዝር ለአንቺ አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ለአጥኚዎቹ ግን ዋናው ነገር ነው። ጥናቶቹ በብዛት የሚፈልጉት ሲነካ ብቻ፣ መግቢያው ላይ የሚያመውን ዓይነት ነው። ብዙ ሴቶች ላይ የሚታየው እሱ ነው፤ ለመለካትም ይቀላል። ቀኑን ሙሉ የሚያቃጥላት ሴት "ለእኔ የሚሆን ጥናት ጠፋ" ብትል አልተሳሳተችም።

"ሙከራ" ሲሉ እኔ ላይ ሊሞክሩብኝ ነው?

አዎ፣ ግን በፈቃድሽና በሕግ አጥር ውስጥ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 ያወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ ዋና መርሑ ቀላል ነው፦ የተሳታፊዋ ደህንነት ከጥናቱ ጥቅም ይቀድማል። መግለጫው ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፤ የመጨረሻው ማሻሻያ በ2024 ነው። ማንኛውም ደንበኛ ጥናት አንዲት ሴት ከመመዝገቡ በፊት ነጻ የሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ዕቅዱን መርምሮ ማጽደቅ አለበት።

ከዚህ ይልቅ ልብ ልትዪው የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ሕክምናና ጥናት ዓላማቸው ለየቅል ነው። ሐኪምሽ የሚያስበው አንቺን ስለማሻል ነው። ክኒኑ ካልሠራ ይቀይርልሻል፣ መጠኑን ይጨምርልሻል። አጥኚው ግን ጥያቄ ይዞ ነው የተነሣው፦ ይህ ነገር በእርግጥ ይሠራል? ይህን ለማወቅ ሁሉንም ሴቶች በተመሳሳይ መንገድ መያዝ አለበት። ላንቺ ብሎ መጠን አይለውጥም። ሁለቱም ነጭ ጋውን ለብሰው ስለሚመጡ ብዙ ሰው ይምታታበታል። በኋላ ቅር የሚላቸውም በአብዛኛው ይህን ሳይረዱ የገቡት ናቸው። "ታከምኩ" ብለሽ ሳይሆን "ጥናት ላይ ተሳተፍኩ" ብለሽ ግቢ። ከተሻለሽ እሰየው።

አዲስ መድኃኒት ከሆነ አደገኛ አይደለም?

እንደ ደረጃው ነው። ደረጃ 1 ጥናት ጥቂት ሰዎች ላይ ደህንነቱን ያያል። ደረጃ 2 ሕመሙ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይሠራ እንደሆነ ይፈትሻል። ደረጃ 3 በብዙ መቶ ወይም በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ያነጻጽራል። ደረጃ 4 መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ የሚደረግ ክትትል ነው።

በዚህ ሕመም ላይ ግን የተሞከሩት መድኃኒቶች አብዛኞቹ አዲስ አይደሉም። ለድብርት፣ ለሚጥል በሽታ ወይም ለማደንዘዣ ለዓመታት ሲሰጡ የኖሩ ናቸው፤ የጎንዮሽ ጉዳታቸውም ይታወቃል። ከዚያም ሌላ፣ ብዙዎቹ ጥናቶች መድኃኒት ጨርሶ የላቸውም። ፊዚዮቴራፒ፣ የሥነ ልቦና ምክር፣ በቆዳ ላይ የሚደረግ ቀላል የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ወዘተ ናቸው። ማስታወቂያ ስታዪ መጀመሪያ የሚሞከረው ምን እንደሆነ ጠይቂ። ክኒን፣ ቅባት፣ መርፌ፣ ቀዶ ጥገናና የጡንቻ ልምምድ አደጋቸው አንድ አይደለም።

እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች ምን አገኙ?

ይህን ጥያቄ የምትጠይቅ ሴት ብልህ ናት። መልሱ ትንሽ ያስከፋል፤ ግን ተስፋም አለው።

በ2010 የታተመ ጥናት 133 ሴቶችን ይዞ ሁለት ነገር ፈተነ፦ ዴሲፕራሚን የተባለውን የድብርት ክኒንና ሊዶኬይን የተባለውን ማደንዘዣ ቅባት። ሁለቱም ያኔ በሰፊው ይታዘዙ ነበር። ውጤቱ? አንዳቸውም ከፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ፣ አልበለጡም። በ2009 ለ64 ሴቶች በዕጣ ቦቱሊነም (ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት) ወይም ጨው ውኃ በመርፌ ተሰጠ፤ የታየ ልዩነት አልነበረም። በ2018 ደግሞ 89 ሴቶች የተሳተፉበት የጋባፔንቲን (ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት) ጥናት ወጣ። እሱም የታምፖን ፈተና ሕመምን፣ ማለትም ታምፖን አስገብቶ በማውጣት የሚለካውን ሕመም፣ ከፕላሴቦ በተሻለ አልቀነሰም።

በሌላ በኩል በ2021 በካናዳ የወጣ ጥናት አለ። 212 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ለ10 ሳምንት የዳሌ ወለል ጡንቻ ፊዚዮቴራፒ ወሰዱ። ግማሾቹ ማታ ማታ ሊዶኬይን ቅባት ተጠቀሙ። ሕክምናው ሲያበቃ ከፊዚዮቴራፒዎቹ 79 በመቶ "በጣም ተሽሎኛል" ወይም "እጅግ ተሽሎኛል" አሉ፤ ከቅባቶቹ 39 በመቶ። ዛሬ አንድ ሐኪም ፊዚዮቴራፒን ቀድሞ ቢያነሣልሽ በስሜት አይደለም፤ እነዚያ ሴቶች በመሳተፋቸው ነው።

"ስለዚህ የወደቁት ጥናቶች ከንቱ ነበሩ?" ትዪ ይሆናል። በእኔ እምነት እንዲያውም የበለጠ የጠቀሙት እነሱ ናቸው። ብዙ ሴቶች አፍ የሚያደርቅና የሚያደነዝዝ ክኒን ለወራት እየዋጡ፣ ሳይሻላቸው ሲቀር ራሳቸውን ይወቅሱ ነበር። ጥፋቱ የእነሱ እንዳልነበረ የታወቀው በጥናት ነው።

ፕላሴቦው ቢደርሰኝስ? ጊዜዬን በከንቱ አባከንኩ ማለት ነው?

አብዛኛው ሰው የሚፈራው ይህን ነው። በመጀመሪያ፣ ሁሉም ጥናት ፕላሴቦ የለውም። ሁለት እውነተኛ ሕክምናዎችን የሚያነጻጽሩ አሉ፤ የ2021ዱ እንደዚያ ነበር። ፕላሴቦ ካለ ደግሞ የስምምነት ቅጹ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ዕጣው ስንት ለስንት እንደሆነም ጭምር። አንዳንዱ ጥናት መጨረሻ ላይ ለፕላሴቦዎቹም እውነተኛውን መድኃኒት ይሰጣል። አንዳንዱ መሀል ላይ ያቀያይራል፤ ሁሉም ሴት ሁለቱንም ትወስዳለች። የጋባፔንቲኑ ጥናት እንደዚያ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ይገርማል። በ2010ሩ ጥናት ፕላሴቦ የወሰዱት ሴቶች የታምፖን ፈተና ሕመማቸው በ33 በመቶ ቀንሷል። ይህ ማለት "ሕመሙ በጭንቅላታችሁ ውስጥ ነው" ማለት አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትስሚው። ሴቶች ጥናት የሚገቡት ሕመሙ በባሰባቸው ሰሞን ነው፤ ሕመም ደግሞ በራሱ ከፍና ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁም ነገር የሚሰማቸው ሰው አግኝተዋል። ተመርምረዋል፣ ሕመማቸውን በየቀኑ መዝግበዋል፣ የሚያስቆጡ ሳሙናዎችን ትተዋል። ይህ ሁሉ ለውጥ ያመጣል። ፕላሴቦ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፦ የመድኃኒቱን ሥራ ከዚህ ሁሉ ለይቶ ለማየት።

ፕላሴቦ ባለበት ጥናት የትኛው እንደደረሰሽ ብዙ ጊዜ አንቺም ሐኪሙም እንዳታውቁ በምስጢር ይያዛል። ብትገምቺ ግን አይገርምም። ቅባቱ ካደነዘዘሽ ወይም ክኒኑ አፍሽን ካደረቀሽ ትጠረጥሪያለሽ። ለሐኪሙ ግን ምልክቱን ብቻ ንገሪው፤ ግምትሽን ካልጠየቀሽ ለራስሽ ያዢው። አደጋ ከደረሰ ግን ምስጢሩ ወዲያው ይከፈታል፤ ለዚህ የተዘጋጀ ሥርዓት አለ።

መግባት እንደምችል በምን አውቃለሁ?

እያንዳንዱ ጥናት የራሱ መስፈርት አለው። በአብዛኛው የሚጠየቀው ዕድሜ፣ ሕመሙ የቆየበት ጊዜ (ከ3 ወር ጀምሮ፣ አንዳንዴ 6 ወር)፣ የሕመሙ ቦታና መጠን ነው። የሚያስቀሩ ነገሮችም አሉ፦ ፈንገስ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን፣ ሄርፒስ፣ እንደ ላይክን ስክለሮሰስ ያለ የቆዳ በሽታ፣ እርግዝና፣ በቅርቡ መውለድ፣ ከዚህ በፊት እዚያ ቦታ ላይ የተደረገ ቀዶ ጥገና። ካረጥሽ በኋላ የጀመረሽ ሕመም የሆርሞን ሊሆን ስለሚችል ብዙ ጥናቶች ያረጡ ሴቶችን ለብቻ ነው የሚያጠኑት።

ስለዚህ ከማስታወቂያው በፊት ምርመራ ይቅደም። ከማህፀን ሐኪም የተጻፈ የምርመራ ውጤት በእጅሽ ካለ ነገሩ ይፈጥናል። ላይክን ስክለሮሰስ ከሆነ ደግሞ የታወቀ ሕክምና አለው፤ የቩልቮዲንያ ጥናት ስትጠብቂ ጊዜሽ ማለቅ የለበትም።

ጥናት የት ነው የምፈልገው?

በ2000 ሥራ የጀመረው ክሊኒካልትራያልስ ዶት ጎቭ የተባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ከብዙ አገሮች ጥናቶችን ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅትም የተለያዩ አገሮችን መዛግብት በአንድ ላይ ለመፈለግ የሚያስችል መድረክ አለው። በሁለቱም ላይ "ቩልቮዲንያ" (vulvodynia) እና መግቢያው ላይ ብቻ የሚያመው ዓይነት የሚጠራበትን "ቬስቲቡሎዲንያ" (vestibulodynia) የሚሉትን ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ ፈልጊ። "በግንኙነት ጊዜ ሕመም" ብለሽም ሞክሪ። አንዳንድ ጥናት የሚገኘው በዚያ ስም ነው። ከዚያ ተሳታፊ በመቀበል ላይ ያሉትን ብቻ ለዪ። ያለቁና የቆሙ ጥናቶችም እዚያው ተደርድረው ስለሚቆዩ ማጣራት ካልተጠቀምሽ ትደክሚያለሽ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መዝገቡ ላይ መገኘት ብቻውን ጥናቱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ጥናቱን የሚያስመዘግበው ራሱ አጥኚው ነው። መዝገቡም መንግሥት ጥናቱን አይቶ አጽድቆታል ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል።

ከመዝገብ ሌላ፣ የዳሌ ሕመም ላይ የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችን መጠየቅ ነው። ሐኪምሽ ባያውቅ እንኳ ማን ጋር እንደምትደውዪ ሊጠቁምሽ ይችላል።

ምርመራው ራሱ ያማል?

ትንሽ ያማል። ሳታውቂ ብትገቢ ይከፋል፤ ስለዚህ በዝርዝር ልንገርሽ።

የመጀመሪያው የጥጥ ምርመራ ነው። ሐኪሟ ጫፉ ላይ ጥጥ ባለው ቀጭን እንጨት የብልትሽን መግቢያ ዙሪያውን፣ እንደ ሰዓት ቁጥሮች ነጥብ በነጥብ፣ ቀስ እያለች ትነካለች። አንቺ ከ0 እስከ 10 ስንት እንዳመመሽ ትናገሪያለሽ። ሌላ ሰው የማይሰማው ንክኪ አንቺን 8 ሊያሰኝሽ ይችላል። ለማስደሰት ብለሽ "3" አትበዪ። የሚያስፈልጋቸው እውነተኛው ቁጥር ነው።

ሁለተኛው የታምፖን ፈተና ነው። አንቺው ራስሽ ታምፖን አስገብተሽ ወዲያው ታወጫለሽ፤ ከዚያ ሕመሙን ትመዘግቢያለሽ። ይህን በቤትሽ፣ በየሳምንቱ ልትጠየቂ ትችያለሽ። ፈተናው የተመረጠበት ጥሩ ምክንያት አለ። አንዲት ሴት ግንኙነት አድርጋ ሕመሟን እንድትለካ ማስገደድ አይቻልም፤ የማታደርግም ብዙ ናት።

ፊዚዮቴራፒ ያለበት ጥናት ከሆነ ባለሙያዋ በጓንት ጣት ከውስጥ ጡንቻሽን ልትመረምር ትችላለች። አንዳንዶቹ ትንሽ የመለኪያ መሣሪያ ያስገባሉ። ቀድመሽ ጠይቂ፦ ስንት ጊዜ ነው የምመረመረው? ማን ነው የሚመረምረኝ? ሴት ሐኪም ማግኘት እችላለሁ? ሌላ ሰው አብሮኝ መግባት ይችላል? "አቁሚ" ካልሽ ምርመራው እዚያው ይቆማል። ምክንያት ማቅረብ አይጠበቅብሽም።

ግንኙነት ጀምሬ አላውቅም። ልሳተፍ እችላለሁ?

በአንዳንዱ አዎ፣ በአንዳንዱ አይሆንም። የሚለካው የግንኙነት ሕመም ከሆነ አትገቢም፤ የታምፖን ወይም የጥጥ ምርመራ ከሆነ ትችዪ ይሆናል። ውስጥ የሚገባ ምርመራ እንዳለ ግን በስልክ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ አልጋ ላይ ከወጣሽ በኋላ የሚወሰን ነገር አይደለም። ከ18 ዓመት በታች ከሆንሽ ደግሞ አብዛኞቹ አይቀበሉሽም። የሚቀበሉት የአንቺንም የወላጅሽንም ፈቃድ ይጠይቃሉ።

የምወስደውን መድኃኒት ላቁም?

በራስሽ በፍጹም። አንዳንድ ጥናት ሌላ መድኃኒት ከሰውነትሽ እስኪወጣ ለጥቂት ሳምንታት እንድታቆሚ ይጠይቃል። ነገር ግን የድብርት ክኒን ድንገት ሲቆም ማዞርና መረበሽ ያመጣል። ጋባፔንቲን ድንገት ሲቆም የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው ይችላል። እነዚህ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሱት፤ ያዘዘልሽ ሐኪም ባለበት። እና ራስሽን ጠይቂ፦ አሁን ያለው መድኃኒት በግማሽም ቢሆን ከረዳሽ እሱን ትተሽ ዕጣ ውስጥ መግባት ያዋጣሻል? ለእኔ አያዋጣም የሚል መልስ ነውር የለውም።

ለምን የእርግዝና ምርመራና የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠይቁኛል?

ጽንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ያልታወቀ መድኃኒት ስለሚሰጥ ነው። ፊዚዮቴራፒና ምክር ብቻ ያለበት ጥናት ግን እምብዛም አይጨነቅም። ልትወልጂ ካሰብሽ በግልጽ ተናገሪ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ። በ1977 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዳይገቡ መከረ። ጽንስን ለመጠበቅ ተብሎ ነው። ውጤቱ ግን መድኃኒቶች በወንድ አካል ተለክተው ለሴት መሰጠታቸው ሆነ። ምክሩ የተነሣው በ1993 ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚደረጉ የክሊኒክ ጥናቶች ሴቶችን እንዲያካትቱ በሕግ ተደነገገ። የሴት ብልት ሕመም ምርምር ለምን ወደ ኋላ እንደቀረ ለሚገርማት፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ባለቤቴ ማወቅ አለበት?

ፈራሚዋ አንቺ ነሽ። የእሱ ፊርማ አያስፈልግም።

ጥንዶችን አብሮ የሚያጠና ከሆነ ግን ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። እንዲህ ያሉ አሉ። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት 108 ጥንዶችን በዕጣ ከፍሎ ለአንዱ ክፍል ሊዶኬይን ቅባት፣ ለሌላው የጥንዶች የሥነ ልቦና ምክር ሰጠ። የሕመሙ መጠን በሁለቱም ቀነሰ። ሴቶቹ ለሕመሙ የነበራቸውን ፍርሃት በማርገብ ግን ምክሩ በለጠ። ቤት ውስጥ ስለ ጉዳዩ ማውራት ለከበዳቸው እንዲህ ያለው ጥናት በር ከፋች ሊሆን ይችላል። ባልሽ ፈቃደኛ ካልሆነ ጎትተሽ አታስገቢው፤ መሀል ላይ ቢያቋርጥ ጥናቱም አንቺም ትጎዳላችሁ።

ምስጢሬ ይጠበቃል?

መረጃሽ የሚቀመጠው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ስምሽንና ቁጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል። ውጤቱ ሲታተም ስምሽ አይወጣም።

የሚያስቸግረው ሌላው ነው፦ ትናንሽ ነገሮች። ስልክሽ ላይ "የዛሬውን የግንኙነት ሕመም መዝግቢ" የሚል መልእክት ቢመጣና ሌላ ሰው ቢያየውስ? ሲደውሉልሽ ማን ነን ብለው ይናገራሉ? የሚላክልሽ ቅባት እሽጉ ላይ ምን ተጽፎበታል? ፎቶ ይነሣል ወይ? ከተነሣስ የት ይቀመጣል? ስለ ወሲብ ሕይወትሽ፣ ስለ ድብርት፣ አንዳንዴም ስለ ደረሰብሽ ጥቃት የሚጠይቁ ረጅም መጠይቆች ይኖራሉ። መመለስ የማትፈልጊውን መዝለል ትችዪ እንደሆነ ቀድመሽ አረጋግጪ።

ይከፈለኛል ወይስ እከፍላለሁ?

ለጥናቱ ተብሎ የሚሰጥሽ መድኃኒትና ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው። ለትራንስፖርትና ለጊዜሽ መጠነኛ ካሳ ሊኖር ይችላል። ለመደበኛ ሕክምናሽ የሚወጣውን ማን እንደሚሸፍንና ጉዳት ቢደርስብሽ ማን እንደሚያሳክምሽ ግን በጽሑፍ ይሁንልሽ።

"ለመሳተፍ ይህን ያህል ክፈዪ" ካሉሽ ቆም በዪ። "መቶ በመቶ ያድናል" ካሉሽ ጭራሽ ተመለሺ፤ የሚያድን መሆኑ ከታወቀ ጥናት ለምን አስፈለገ? በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በጨረርና በሙቀት መሣሪያዎች "ብልትን እናድሳለን፣ ሕመሙንም እናጠፋለን" የሚሉ ማስታወቂያዎችን አስጠንቅቆ ነበር። መሣሪያዎቹ ለዚያ ሥራ ደህንነታቸው አልተረጋገጠም፤ መቃጠል፣ ጠባሳና ዘላቂ ሕመም ያጋጠማቸው ሴቶችም ነበሩ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በደንበኛ ጥናት ውስጥ ቢፈተን አንድ ነገር ነው። ጥናት የሚል ስም ለጥፎ መሸጥ ሌላ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የምዝገባ ቁጥሩንና ያጸደቀውን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ስም። ደንበኛው አጥኚ ሁለቱንም ሳያቅማማ ይነግርሻል።

የስምምነት ቅጹ 15 ገጽ ነው። ምኑን ላንብብ?

ሁሉንም። እዚያው እንድትፈርሚ የሚያጣድፍሽ ካለ ቅጹን ይዘሽ ውጪ፤ ቤት ወስደሽ ማንበብ መብትሽ ነው። ጊዜ ካጠረሽ ግን በእነዚህ ጀምሪ፦ ምን ይደረግብኛል፣ ስንት ጊዜ እመላለሳለሁ፣ ባልሳተፍ ምን ሌላ ሕክምና አለኝ። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት። ጥናቱ የሚሰጥሽ ፊዚዮቴራፒ ከሆነና ያንኑ በመደበኛ መንገድ ማግኘት ከቻልሽ ዕጣ ውስጥ መግባት ላያስፈልግሽ ይችላል።

ቀዶ ጥገና ካለበት ደግሞ በተለይ አስቢበት። በ2001 በወጣ ጥናት 78 ሴቶች በዕጣ ለቡድን የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ለጡንቻ ልምምድ ወይም መግቢያው ላይ ያለውን የሚያም ቆዳ ቆርጦ ለማውጣት ተመደቡ። በሁሉም መሻሻል ታየ፤ ሕመምን በመቀነስ ቀዶ ጥገናው በለጠ። ይሁንና ቀዶ ጥገናው ከደረሳቸው 7ቱ "አይሆንም" ብለው ቀሩ። መብታቸው ነበር። ግን ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ቢያስቡበት ለእነሱም ለጥናቱም ይሻል ነበር። ከሦስቱ የትኛውም ቢደርስሽ ትቀበያለሽ? አንዱን እንኳ ካልተቀበልሽ አትግቢ።

መሀል ላይ ብተውስ?

ትችያለሽ፤ መደበኛ ሕክምናሽም አይነካም። ዝም ብለሽ ከመጥፋት ግን ደውለሽ ንገሪያቸው። ቀስ ብሎ መቆም ያለበት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የተውሽበት ምክንያትም ለጥናቱ መረጃ ነው፦ ክኒኑ አስር ሴቶችን አንገሽግሾ ካስወጣ ያ ራሱ ውጤት ነው። ጥናቱንም ሊያቆሙት ይችላሉ። በብዙ ትልልቅ ጥናቶች የተሳታፊዎችን ደህንነት እያየ አስፈላጊ ሲሆን የሚያስቆም ነጻ ኮሚቴ አለ።

ጥናቱ ሲያልቅ ምን አገኛለሁ?

ይህን ሳትጠይቂ አትግቢ። መድኃኒቱ ቢሠራልሽ ከዚያ በኋላ ማግኘት ትችያለሽ? የትኛው ቡድን ውስጥ እንደነበርሽ ይነግሩሻል? ይህ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው የመጨረሻዋ ሴት ከጨረሰች በኋላ ስለሆነ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ውጤቱስ በሚገባሽ ቋንቋ ይላክልሻል? የሄልሲንኪ መግለጫ ተሳታፊዎች ስለ ጥናቱ አጠቃላይ ውጤት የመስማት ምርጫ ሊሰጣቸው ይገባል ይላል። ካልላኩልሽ ደውለሽ ጠይቂ። የመዘገብሽውን የሕመም ማስታወሻ ቅጂም ውሰጂ፤ ለቀጣዩ ሐኪምሽ ከማንኛውም ወረቀት የበለጠ ይነግረዋል።

"መስፈርቱን አታሟዪም" ብለው መለሱኝ። አሁንስ?

ምክንያቱን በትክክል ጠይቂ። ፈንገስ ስለተገኘብሽ ከሆነ ታክመሽ መመለስ ትችዪ ይሆናል። የቆዳ በሽታ ከተገኘ ደግሞ ጥናቱ ሳይቀበልሽ ትክክለኛውን ምርመራ ሰጥቶሻል፤ ውጤቱን ይዘሽ ወደ ሐኪምሽ ሂጂ። የሕመምሽ ዓይነት ስላልገጠመ ከሆነ መጠይቅ ብቻ የሚያስሞሉ፣ መድኃኒት የማይሰጡ ጥናቶች አሉ። መስፈርታቸው ሰፋ ያለ ነው፤ ከቤትሽ ሳትወጪም ትሳተፊያለሽ። ስልክሽን ለሌላ ጥናት እንዲይዙልሽም ንገሪያቸው። እስከዚያው ፊዚዮቴራፒውን ለመጀመር የማንም ጥናት ፈቃድ አያስፈልግሽም።